ድምፅ ሳይቆጥሩ ዋሽንግተን መግባት፦ ማኬይንና ኦባማ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ

ሁለት ዕጩ ፕሬዚዳንቶችን በአመራር ዘይቤ ማወዳደር አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። አንዱን ቆራጥ፣ ሌላውን አስተዋይ እንላለን፤ ግን ሁለቱም ሥልጣኑን ገና አልያዙምና ቆራጥነቱም ማስተዋሉም የሚፈተንበት ቦታ የለም። በክርክር መድረክ የሚታየው አንደበት ነው፤ በማስታወቂያ የሚታየው የአዘጋጁ ጥበብ ነው። የ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለየት የሚለው ድምፅ ሊሰጥ ሰባት ሳምንት ሲቀረው አንድ ከባድ ቀውስ በሁለቱም ዕጩዎች ላይ እኩል ስለወረደ ነው። ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይንም ዴሞክራቱ ባራክ ኦባማም በሥራ ላይ ያሉ ሴናተሮች ነበሩ። ሁለቱም የሚያዙት ሚኒስቴር፣ የሚፈርሙት ሰነድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የተፈተኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማዘዝ የማይችል ሰው እንዴት ይመራል?

የተለመደው መልስ "ማኬይን ቸኮሉ፣ ኦባማ ረጉ" የሚል ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብሎ መዝጋትም ይቻላል። እኔ ግን ልዩነቱ በፍጥነት ላይ አይመስለኝም። ማኬይንን የጎዳቸው መፍጠናቸው ሳይሆን ሊከተላቸው የማይፈልግ ሕዝብ ፊት ለመምራት መቆማቸው ነው።

ይዘውት የመጡት

ማኬይን 72 ዓመት ሞልቷቸዋል። በባሕር ኃይል አብራሪነታቸው በ1967 በቬትናም ጦርነት ሃኖይ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ። አባታቸው አድሚራል ስለነበሩ ቀድመው እንዲለቀቁ ቢጠየቁም፣ ከእሳቸው በፊት የተማረኩት ሳይወጡ አልወጣም ብለው አምስት ዓመት ተኩል ታስረው ቆዩ። ሴኔት ከገቡበት ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ስማቸው የገነነው ከራሳቸው ፓርቲ ጋር በመጋጨት ነው። የጆርጅ ቡሽን የ2001 የግብር ቅነሳ ተቃወሙ፤ ከዴሞክራቱ ራስ ፋይንጎልድ ጋር ሆነው የምርጫ ገንዘብን የሚገድብ ሕግ አወጡ፤ ከኤድዋርድ ኬኔዲ ጋር በስደተኞች ሕግ ላይ ሠሩ። መራጩ ይህን ወደደላቸው። የፓርቲ ጓዶቻቸው ግን አንድ በአንድ መዝግበው ያዙት፤ ሂሳቡም የተወራረደው በክፉ ቀን ነው።

በ2007 አጋማሽ ዘመቻቸው ገንዘብ ጨርሶ ዋና ዋና ሰዎቹ ሲወጡ አበቃላቸው ተብሎ ነበር። እሳቸው ግን ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው ኒው ሃምፕሻየርን ከከተማ ከተማ ዞሩ። ማንም ሊሰማው የማይፈልገውን ተጨማሪ ጦር ወደ ኢራቅ የመላክ ውሳኔ በግልጽ ደገፉ። በጃንዋሪ 2008 ኒው ሃምፕሻየርን አሸነፉ፣ የፓርቲያቸውንም ዕጩነት ያዙ። በኦገስት ሩሲያና ጆርጂያ ሲዋጉ ወዲያው ከጆርጂያ ጎን ቆመው በኃይለ ቃል ሲናገሩ፣ የኦባማ የመጀመሪያ መግለጫ ሁለቱንም ወገን "ታገሱ" የሚል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ማኬይን መሪ መሰሉ። በወሩ መጨረሻ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን የአላስካ ገዥ ሣራ ፔሊንን ምክትላቸው አድርገው አቀረቡና ከጉባኤያቸው በኋላ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ቀደሙ። ከዚህ ሁሉ አንድ ሰው ምን ይማራል? ጨዋታው ሲጠምም ጠረጴዛውን መገልበጥ እንደሚያዋጣ ይማራል። ማኬይን የተማሩት ይህንኑ ነው፤ ማስረጃም ነበራቸው።

የ47 ዓመቱ ኦባማ ሴኔት ከገቡ አራት ዓመት አልሞላቸውም። የአሠራራቸው መለያ የተለያየ ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ክፍል ሰብስቦ ማከራከር፣ ዝም ያለውን ሳይቀር ማናገር፣ ከዚያ ዘግይቶ መወሰን ነበር። ዘመቻቸው "ድራማ የሌለበት" የሚል ቅጽል አግኝቶ ነበር። ሌላም ብዙ ያልተወራለት ልማድ ነበረው፦ መቁጠር። በዴሞክራቶች ውድድር ሂላሪ ክሊንተን እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ትልልቅ ግዛቶችን ሲያሸንፉ፣ የኦባማ ሰዎች ማንም ባልተመለከታቸው ትንንሽ ግዛቶች የልዑካን ቁጥር ይለቅሙ ነበር። ከአይዳሆ ያገኙት የልዑካን ብልጫ ክሊንተን ከኒው ጀርሲ ካገኙት አላነሰም። የዕጩነት ውድድሩን የቋጨውም ይኸው ሂሳብ ነው።

ከሌማን እስከ ዋይት ሐውስ

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ፣ 158 ዓመት የቆየው የኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ በኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያው ቀን ማኬይን ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ ላይ "የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው" አሉ። ንግግሩን ሙሉ ያዳመጠ ሰው ጊዜው ከባድ መሆኑንም እንደተናገሩ ያውቃል፤ ግን እንዲህ ባለ ቀን ማንም ንግግር ሙሉውን አያዳምጥም። ከሰዓታት በኋላ "መሠረት ያልኩት ሠራተኛውን ነው" ብለው ለማረም ሞከሩ። በማግሥቱ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ይቋቋም አሉ፤ መንግሥት ግዙፉን መድን ድርጅት ኤ.አይ.ጂን ማዳኑንም ተቃወሙ። ማዕከላዊ ባንኩ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ 85 ቢሊዮን ዶላር ካበደረው በኋላ ደግሞ ሌላ ምርጫ እንዳልነበረ ተናገሩ። ሐሙስ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪውን ኮሚሽን ሊቀመንበር ክሪስቶፈር ኮክስን አባርር ነበር አሉ። ኮክስ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ናቸው። በአራት ቀን አራት አቋም መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጽኑ፣ አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ወዴት እንደሚሄዱ የማይታወቅ።

ኦባማስ ምን አደረጉ? እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አላደረጉም። አርብ ሴፕቴምበር 19 ፍሎሪዳ ውስጥ ከኢኮኖሚ አማካሪዎቻቸው ጋር መከሩ፤ ምክር ከሚጠይቋቸው መካከል የቀድሞው የማዕከላዊ ባንክ ኃላፊ ፖል ቮልከርና የቀድሞዎቹ የግምጃ ቤት ኃላፊዎች ሮበርት ሩቢንና ላሪ ሰመርስ ነበሩ። ከስብሰባው ሲወጡ የግምጃ ቤቱን ሥራ እንዳያደናቅፍ ዝርዝር ዕቅዴን አሁን አላወጣም አሉ። ይህ ኃላፊነት የተሞላበት ንግግር ነው። ምቹ መጠለያም ነው። ሕዝቡ ባንኮችን የማዳን ሐሳብ ገና ከጅምሩ ጠልቶታልና፣ ዕቅድ ያላወጣ ዕጩ በዕቅዱ አይጠየቅም። ኦባማን "የተረጋጉ" ብለው የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ግማሽ ሲዘሉት አያለሁ።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 20 የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሄንሪ ፖልሰን ለኮንግረሱ ሦስት ገጽ ወረቀት ላኩ። ባንኮቹን ለማዳን የጠየቁት 700 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ውሳኔያቸውም በፍርድ ቤት እንዳይመረመር የሚል አንቀጽ ገብቶበታል። ዴሞክራቶች ቁጥጥር ይጨመርበት ብለው መደራደር ጀመሩ። የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ግን የራሳቸውን ፕሬዚዳንት ዕቅድ ሶሻሊዝም ነው እያሉ አመፁ። ቀውሱን የሚፈታው ቁልፍ ያለው እዚያ ነበር፦ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ራሱ ለምርጫ የሚቀርብ፣ ቢሮው በተቃውሞ ስልክ የተጨናነቀ የምክር ቤት አባል እጅ ውስጥ።

ረቡዕ ሴፕቴምበር 24 ጠዋት ኦባማ ወደ ማኬይን ደውለው የጋራ መግለጫ እንድናወጣ አሉ። ማኬይን ከሰዓት በኋላ መልሰው ደወሉ፤ ዘመቻውን ስለማቋረጥ አነሱ። ኦባማ መግለጫውን እናስቀድም ብለው ስልኩን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ማኬይን ካሜራ ፊት ቆመው ዘመቻዬን አቋርጬ ወደ ዋሽንግተን እሄዳለሁ፣ የአርቡም ክርክር ይራዘም አሉ። ፕሬዚዳንት ቡሽንም ሁለቱን ዕጩዎችና የኮንግረሱን መሪዎች ዋይት ሐውስ እንዲሰበስቡ ጠየቁ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ውብ ነው። "አገር ይቀድማል" የዘመቻቸው መፈክር ነበርና ተግባሩ ከመፈክሩ ጋር ገጠመ። እምቢ ካሉ ኦባማ ራስ ወዳድ ይመስላሉ፤ እሺ ካሉ ተከታይ ይሆናሉ። ኦባማ ግን ክሊርዋተር ፍሎሪዳ ላይ ሆነው ከአንድ በላይ ነገር በአንድ ጊዜ ማከናወን የፕሬዚዳንት ሥራ አካል ነው ብለው መለሱ። ጥያቄውን ከአገር ፍቅር ወደ ችሎታ አዞሩት። ማኬይን ደግሞ በዚያ ምሽት የዴቪድ ሌተርማንን የመዝናኛ ፕሮግራም ሰርዘው ሳለ ለዚያው ጣቢያ የዜና ክፍል ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ ታዩና፣ ሌተርማን ፕሮግራሙን ሙሉ ሲያላግጥባቸው አመሸ። ይህች ትንሽ ነገር ናት። ግን "ሁሉን ትቼ ሄድኩ" ያለ ሰው ሁሉን እንዳልተወ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ የእርምጃው ክብደት በአንድ ሌሊት ይቀላል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የኮንግረስ ተደራዳሪዎች በመርህ ደረጃ ተስማማን አሉ። የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ግን በስምምነቱ ውስጥ አልነበሩም። ከሰዓት በኋላ በዋይት ሐውስ የካቢኔ አዳራሽ ስብሰባው ተጀመረ። ቡሽ መሐል፣ ማኬይን በአንድ ጫፍ፣ ኦባማ በሌላው። ቡሽ በወትሮው አነጋገራቸው ገንዘቡ ካልተለቀቀ ነገሩ ሁሉ ሊወድቅ እንደሚችል ተናገሩ። አፈ ጉባኤዋ ናንሲ ፔሎሲ ተራቸው ሲደርስ በዴሞክራቶች ስም የሚናገሩት ኦባማ ናቸው አሉ።

የዚያን ቀን ትምህርት ሁሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይመስለኛል። ፔሎሲ ምክር ቤቱን የሚመሩ፣ ከዕጩው በላይ የኮንግረስ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው። ተራቸውን የሰጡት አስቀድመው ስለተነጋገሩ ነው። ኦባማ ወደ ክፍሉ የገቡት የሌሎችን አደራ ይዘው ነው፤ የተስማሙበትንና የቀረውን ዘርዝረው ተናገሩ።

ማኬይን፣ ስብሰባው እንዲጠራ የጠየቁት ሰው፣ ተራዬን እጠብቃለሁ አሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደመሰከሩት፣ ሲናገሩም ጠቅለል ያለ ነገር ተናገሩ፤ የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች ስጋት ሊሰማ ይገባል ከማለት በቀር የትኛውን ዕቅድ እንደሚደግፉ አልለዩም። ቢለዩስ? የፖልሰንን ዕቅድ ቢደግፉ ራሳቸው በሚመሩት ፓርቲ ፊት ተከታይ አልባ ሆነው ይታያሉ። የአመፀኞቹን አማራጭ ቢደግፉ ከፕሬዚዳንቱና ከግምጃ ቤቱ ጋር ይጋጫሉ፣ ስምምነቱን ያፈረሱትም እሳቸው ይባላሉ። ዝምታቸው ከድካም የመጣ አይደለም፤ የሚናገሩት ቃል ሁሉ የሚያስከፍላቸው ቦታ ላይ በገዛ እግራቸው ገብተው ነበር። ስብሰባው በጩኸት ተበተነ። ፖልሰን ዴሞክራቶቹ ወዳሉበት ክፍል ሄደው ስምምነቱን እንዳያፈርሱ ፔሎሲ ፊት በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ፔሎሲም ካቶሊክ መሆንዎን አላውቅም ነበር ብለው ቀለዱባቸው። በዚያው ምሽት ዋሽንግተን ሙቹዋል ተዘግቶ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የባንክ ውድቀት ሆነ።

አርብ ስምምነት አልነበረም። ማኬይን ግን ወደ ሚሲሲፒ በርረው ክርክሩ ላይ ተገኙ።

የድምፁ ሰንጠረዥ

ሰኞ ሴፕቴምበር 29 ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ205 ወደቀ። የአክሲዮን ገበያው መለኪያ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 777 ነጥብ ወረደ። ከሪፐብሊካኖቹ የደገፉት 65 ብቻ ሲሆኑ 133ቱ ተቃወሙ። ከራሳቸው ከማኬይን ግዛት፣ ከአሪዞና፣ የመጡት የምክር ቤት ሪፐብሊካኖች አንዳቸውም አልደገፉም። ዘመቻ አቋርጦ ድምፅ ለማሰባሰብ ለሄደ ሰው ከዚህ የከፋ ውጤት ማሰብ ይቸግራል።

ዴሞክራቶቹም ንጹሕ አይደሉም፤ 95ቱ ተቃውመዋል። ልዩነቱ ቀጥሎ በመጣው ነው። ኦባማ በካሜራ ፊት ሳይሆን በስልክ፣ ሊሰሟቸው ይችላሉ ብለው ላሰቧቸው አባላት ደወሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የጥቁር ሕግ አውጪዎች ቡድን አባላት ነበሩ። የሜሪላንዱ ኤላይጃ ከሚንግስ ድምፃቸውን ከቀየሩት መካከል ናቸው። ለሁሉም የስልክ ጥሪውን ብቻ ምክንያት ማድረግ አይቻልም። ገበያው ራሱ አስደንግጦ ነበር፤ ሴኔቱም ሕጉ ላይ የግብር ቅናሾች ጨምሮበት፣ በባንክ የሚቀመጥ ገንዘብ ዋስትናን ከ100,000 ወደ 250,000 ዶላር አሳድጎበት 74 ለ25 አሳለፈው። ማኬይንም ኦባማም የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ኦክቶበር 3 የተወካዮች ምክር ቤት 263 ለ171 አጸደቀው፣ ቡሽ ፈረሙበት።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ በሕጉ ላይ የሁለቱ ዕጩዎች የመጨረሻ አቋም አንድ ነው። መራጩ የለየው በአቋም አይደለም።

ዘይቤ ምን ያህል ይመዝናል?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኖቬምበር 4 ኦባማ 365 ለ173 በሆነ የመራጭ ልዑካን ድምፅ አሸነፉ፤ ከሕዝቡ ድምፅ 53 በመቶ ገደማ አገኙ። ይህን ሁሉ በአንድ የካቢኔ አዳራሽ ስብሰባ መግለጽ ተረት ነው። የቡሽ ተቀባይነት እጅግ ወርዶ ነበር፤ ኢኮኖሚ ሲናድ ገዥው ፓርቲ ይቀጣል። ገንዘቡም አለ፦ ማኬይን የመንግሥትን የምርጫ ድጎማ ተቀብለው በ84 ሚሊዮን ዶላር ሲወሰኑ፣ ኦባማ ድጎማውን ትተው በሴፕቴምበር ወር ብቻ 150 ሚሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። ሌማን በኪሳራ ከወደቀበት ሰኞ ጀምሮ ማኬይን ምንም ቢያደርጉ ዳገት ነበር የሚወጡት።

እናም ለማኬይን ልከራከርላቸው። ከኋላ ላለ ተወዳዳሪ ቁማር ሞኝነት አይደለም፤ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ለመሪው ተወዳዳሪ እንጂ ለተመሪው አይሠራም። ኦባማ መርጋት የቻሉት ማዕበሉ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ይነፍስ ስለነበር ጭምር ነው። የማኬይን ስህተት መቆመራቸው ሳይሆን የሌላ ሰው ካርታ ይዘው መቆመራቸው ነው። ከፓርቲያቸው ጋር ሃያ ዓመት ተጋጭተው የገነቡትን ስም፣ ያንኑ ፓርቲ ለማግባባት ሊያወጡት ፈለጉ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ካሜራ ፊት ከመቆማቸው በፊት፣ የምክር ቤቱን ሪፐብሊካን መሪ ጆን ቤነርን "ስንት ድምፅ ይዘህልኝ ትመጣለህ?" ብሎ የጠየቀና ጥርት ያለ መልስ የተቀበለ ሰው በዘመቻው ውስጥ የነበረ አይመስልም። ቤነርም ያ ቁጥር አልነበራቸውም።

ሰውየው ብቻቸውን ሊወስኑት በሚችሉት ነገር ላይ ግን ዘይቤያቸው ሌላ ነው። ኦክቶበር 10 ሚኒሶታ ውስጥ በሌክቪል ስብሰባ አንዲት ደጋፊያቸው ኦባማን "አረብ" ብላ ስታጣጥል ማይኩን ተቀብለው፣ አይደለም፣ የማልስማማበት ነገር ያለኝ ጨዋ የቤተሰብ ሰውና ዜጋ ነው አሉ። ከገዛ ደጋፊዎቻቸው የተቃውሞ ድምፅ እየተሰማም አላፈገፈጉም። (መልሱን ዛሬ ሲሰሙት "አረብና ጨዋ" የሚቃረኑ ያስመስላል ብለው የሚተቹ አሉ፤ ትችቱ እውነትነት አለው፣ ድፍረቱን ግን አይሰርዘውም።) እዚያ የማንም ድምፅ አላስፈለጋቸውም። የማኬይን አመራር ከሁሉ የሚያምረው አንድ ሰው ብቻውን "አይሆንም" ማለት በሚበቃበት ቦታ ነው፤ የሃኖይ እስር ቤትም፣ በ2017 በራሳቸው ፓርቲ የጤና መድን ሕግ ላይ ሴኔት ውስጥ አውራ ጣታቸውን ዝቅ ያደረጉበት ሌሊትም እንደዚያ ናቸው። የሴፕቴምበሩ ቀውስ የጠየቀው ግን ሌሎች ሁለት መቶ ሰዎች "አዎ" እንዲሉ ማድረግን ነበር።

ኦባማም ቢሆኑ የ2008ቱን ልማዳቸውን ሁልጊዜ አልጠበቁም። ኦገስት 31 ቀን 2013፣ ሶሪያ ውስጥ በኬሚካል መሣሪያ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ የአየር ድብደባ ለማድረግ ወስኛለሁ፣ ግን የኮንግረሱን ፈቃድ እጠይቃለሁ ብለው ድንገት አስታወቁ። አማካሪዎቻቸውን ሳይቀር ያስገረመ ውሳኔ ነበር፤ በእጃቸውም የተቆጠረ ድምፅ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ዋይት ሐውስ ጠርተው እርዱኝ ካሏቸው ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዱ ጆን ማኬይን ናቸው። ማኬይን ወጥተው ኮንግረሱ ጥያቄውን ውድቅ ቢያደርግ ለአገሪቱ ጥፋት እንደሚሆን ተናገሩ። ድምፁ ግን አልተገኘም። ሴፕቴምበር 10 ኦባማ ራሳቸው ኮንግረሱ ድምፅ መስጠቱን እንዲያዘገይ ጠየቁ፤ ሩሲያ የሶሪያን ኬሚካል መሣሪያ የማስረከብ ሐሳብ በማምጣቷም ጥያቄው በምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ።